ባዶ ኪስ ይዞ ስብሰባ

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከበሽታው ይልቅ የሚወዱትን ሰዎች ይፍራ! አልቀልድም። ስኳሬ ከፍ ሲል ዶክተር አለኝ፤ ዝቅ ሲል ግን ቶሎ ጣፋጭ ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ አፌ ይዘባርቃል፣ ከዚያ... ዘጭ! ለዚህ ነው ከጃኬቴ ኪስ ከረሜላ የማይጠፋው።

ሰሞኑን አቃቂ ለስብሰባ ተጠራሁ። ዶክተሮች የስኳር መውረድን ለመቀነስ ጥናት ሊያካሂዱ ነው አሉ፤ ዕቅዱ ሳያልቅ የእኛን የታማሚዎቹን ሐሳብ ሊሰሙ ፈልገዋል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ ስለተባለ ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር ከገላን ኮንዶሚኒየም በባጃጅ ከች አልን። ኢንሱሊኔን ተወግቻለሁ፤ ቁርሱን ግን "ስብሰባ ላይ መቼ ይጠፋል!" ብዬ ትቼዋለሁ።

አዘጋጆቹ ለጤናችን ተጨንቀው ኖሯል፣ የቀረበው ውሃና ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ! የመክፈቻ ንግግሩ ደግሞ ማለቂያ አጣ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኪሴን ዳበስኩ... ባዶ!

"አልማዝ፣ ከረሜላዬስ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አውጥቼ ቤት አስቀመጥኩት። ዶክተሮች ፊት ከረሜላ ስትመጥ ልታሰድበኝ ነው?"

"ኧረ ስኳሬ..."

"ዝም በል፣ ሰው እያየን ነው!"

እኔም ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። እንዲህ ነን እኮ! ሰው ከሚታዘበን ብንወድቅ እንመርጣለን።

ንግግሩ በመከራ ሲያልቅ ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ዕቅዱን ማስረዳት ጀመረች። "ግማሾቻችሁ ከነቤተሰባችሁ ልዩ ሥልጠና ትወስዳላችሁ፤ የቀራችሁት በተለመደው ክትትል ትቀጥላላችሁ። ከዚያ የማን ስኳር አብዝቶ እንደሚወርድ እናያለን። ማን የት እንደሚመደብ በዕጣ ይለያል።"

እጄን አወጣሁ። "እኔ... ስንተኛ ፎቅ ደረሰኝ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያልጠበቀ ማን አለ! አልማዝ ብቻ አልሳቀችም። አብራኝ ስትኖር ሰው አስቄ አይታ አታውቅም።

"ወርዶበታል! ስኳር ስጡኝ!" ብላ ጮኸች።

ስለ ስኳር መውረድ በሚመከርበት አዳራሽ አንዲት ማንኪያ ስኳር ጠፋች! አልማዝ ሮጣ ከማዶው ሱቅ ለስላሳ አመጣችና እንባዋ እየወረደ አጠጣችኝ።

"ለሰው ዓይን ብዬ ልገድልህ ነበር!" አለች። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

ነፍሴ መለስ ስትል ዶክተሯ ወደ እኛ ዞራ "ሥልጠናው ላይ ምን ይጨመር ትላላችሁ?" ብላ ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት አልማዝ ቀደመችኝ።

"ኪስ መፈተሽ!"

ዕጣው ገና አልወጣም፤ እሷ ግን አልጠበቀችም። ዛሬም ከቤት ስወጣ በር ላይ አስቁማ ኪሴን ትፈትሻለች... ከረሜላ ካላገኘች መውጣት የለም!