እጅ የማያስፈልገው ቤት

በወሎ ምድር፣ ያልታመመ ቤት ካላከምኩ የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የሚያፈሰውን ጣሪያ ድፈንልን ሲባል ጊዜ የለውም፤ ጣሪያው በስልክ ይታዘዝ ከተባለ ግን እህል ውሃ አይልም። የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ኢንጂነር ተውፊቅ ነው። የኢንጂነርነቱን ማዕረግ የሾመው ራሱ ነው እንጂ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነው። ይህንንም የሚያወራው እሱው ነው፤ አሁን አሁን በራሱ መሳቅ ለምዷል።

እናቱ ወይዘሮ ቢልቂስ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ሟች ባላቸው ባቆሙት የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። "ኮምቦልቻ ውረጂና አብረን እንኑር" ሲላቸው፣ "ጎረቤቶቼን በምን ጭኜ ልውረድ?" ይሉታል። እሱም ከዒድ እስከ ዒድ ካልሆነ ብቅ አይልም። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ግን ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ድካም አለ፣ ሰበብ ሞልቷል። አንድ ቀን "እማ ወድቃ ማንም ሳያያት ብትቀርስ?" የሚል ሐሳብ አስጨነቀውና መፍትሔ አገኘ። እሱ በመሄድ ፈንታ ካሜራ ገዛ።

ካሜራውን ዋይፋይ ተከተለው፤ ዋይፋዩን ደግሞ በድምፅ የሚታዘዝ አምፖል። ድሪሉን ገና ሲያስነካው ግድግዳው ከነጭዱ ተዘረገፈና የእናቱ ጎረቤት እትዬ ገበያነሽ በቀዳዳው በኩል "እንደምን አደራችሁ" አሉ። ተውፊቅ አላፈረም። "አብሽሪ እማ፣ ከእንግዲህ እጅ አያስፈልገውም" አለ።

ይቺ ቃል መፈክሩ ሆና ቀረች። መብራቱ እጅ አያስፈልገውም፤ መጋረጃው እጅ አያስፈልገውም። ምሳ ሲቀርብ እትዬ ገበያነሽ የእጅ ውሃውን ከፊቱ መለሱት፤ "ለእሱ ምን ያደርግለታል፣ እጅ አያስፈልገውም" ብለው።

አምፖሉ ታዛዥ ነበር፤ ችግሩ አማርኛ አለመስማቱ ነው። ወይዘሮ ቢልቂስ "ቢስሚላህ" ቢሉት ዝም። እትዬ ገበያነሽ "በስመ አብ" ቢሉት ዝም። "አፈር ስሆን ልጄ፣ አምፖል በፈረንጅ አፍ ከምለምን በጨለማ ብቀመጥ ይሻለኛል" አሉ እናቱ።

ከዚያ ብልሽቱ መጣ። ቅዳሜ ማለዳ በደረሰ ቁጥር የተውፊቅ ስልክ ላይ "ቤቱ አልተገናኘም" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ክቡርነታቸው መፍቻቸውን ይዘው፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ሲደርሱ፣ ሁሉም ነገር ደህና ይሠራል፤ ምሳም ደርሶ ይጠብቃል።

"ምን ሆኖ ነው ግን?" ይላል።

"እንጃ ልጄ። ጉሙ ነው መሰለኝ" ይላሉ እናቱ።

ኤሌክትሪክ ሲጠግን የኖረ ሰው ይህን አመነ። ሽቦ ቀየረ፤ ዕቃዎቹን የሠሩትን ፋብሪካዎች ረገመ፤ ጭራሽ ዋይፋዩን ጉም እንዳይገባው በፌስታል ጠቀለለው።

የመጨረሻው ሹመት የበሩ ነበር። ያ በር ክረምት ከበጋ እንደተንሻፈፈ ነው፤ የሰፈሩ ሰው "ቤቶች!" ብሎ፣ ከፍ አድርጎ፣ በትከሻው ገፋ አድርጎት ይገባል። ተውፊቅ እሱ ላይ ኮምቦልቻ ሆኖ በዋይፋዩ በኩል ከስልኩ የሚያዘው ቁልፍ ገጠመ። ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ነበረው፤ ሳንቃው ወፍራም ሆኖ አልገጥም ሲለው "እጅ አያስፈልገውም" ብሎ ጣለው። ሙቀት እንዳይባክንም የግድግዳውን ቀዳዳ ደፈነ፤ መስኮቱንም ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ገበያነሽ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

"ተውፊቅ፣ በሩ እናትህን አልለቅ ብሏል። ከሰል ደግሞ አያይዛለች።"

የደሴ ልጅ በተዘጋ ቤት ከሰል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስልኩን ተጫነ፤ "ቤቱ አልተገናኘም።" ሚኒባስ ውስጥም ደጋግሞ ተጫነ። ለእትዬ ገበያነሽ ቢደውልላቸው አያነሱም። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በእርምጃ ይነዳል። ተውፊቅ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። "ያ ረቢ፣ በእኔ ይሁን" አለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እስኪሰማው።

ሲደርስ በሩ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ከማጠፊያው ነቅሎ አውጥቶታል፤ ቁልፉ ግን እንደተቆለፈ ነው። ወይዘሮ ቢልቂስ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ።

"ቁልፍህስ ጎበዝ ነው" አሉት እትዬ ገበያነሽ። "በሩ ሲነቀል እንኳ ሐሳቡን አልቀየረም።"

ተውፊቅ መሳቅ አልቻለም። እናቱን አቅፎ፣ "ልገድልሽ ነበር እኮ፣ እማ። ሁሉንም ነቅዬ እወስደዋለሁ" አለ።

"ሁሉንም?" አሉ ወይዘሮ ቢልቂስ። ፊታቸው ጠቆረ። "ካሜራውንም?"

"ካሜራውንም።"

እሳቸው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ካሜራውን ሊያወርድ ሲል የዋይፋዩ ሶኬት ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆ አየ። በግርግሩ ሰው ረግጦት ይሆናል ብሎ፣ ለማንኛውም ካሜራው መጨረሻ የቀረጸውን በስልኩ ከፈተ። እናቱ መጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ካሜራውን ሰረቅ አድርገው አዩና "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሰደዱ። ከዚያ ጨለማ ነው። ያለፈውን ቅዳሜ ከፈተ፤ ያው እጅ። ከዚያ በፊት ያለውንም ከፈተ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጉም ሲጠግን የከረመው ኢንጂነር መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። በር በሌለው በር የሰፈሩ ሰው "እንኳን አላህ አተረፈሽ" እያለ ይገባል። ከጓዳ የምሳ ሽታ ይመጣል። ተነሳና የበሩን ቁልፍ ፈትቶ ከረጢቱ ውስጥ ወረወረው፤ የመስኮቱን ፕላስተር ላጠው፤ ካሜራውን ግን ቦታው ላይ ተወው፤ ሶኬቱንም ሰካው።

"እማ" አለ ወደ ጓዳው፣ "ይሄ ነገር ባይበላሽም ቅዳሜ ቅዳሜ ካልታየ አይሆንም። እየመጣሁ አየዋለሁ።"

ወይዘሮ ቢልቂስ የእጅ ውሃ ይዘው ወጡ። ተውፊቅ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ይሻላል ልጄ" አሉ ቀስ ብለው እያፈሰሱለት። "ጉሙ ክፉ ነው።"