ለአማካሪዬ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከተማችን ቆሰበር ውስጥ ዲግሪ ያልያዘ ሰው ሞልቷል፤ በጋሽ እንግዳው ያልተበረታታ ግን አንድም የለም። በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው ይማራል፣ እሱ ይደክማል።

የኛው ክቡር ጋሽ እንግዳው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ስገባ፣ ራሳቸውን የበላይ ጠባቂዬ አድርገው ሾሙ። በየእሑዱ ይደውላሉ። "እህሳ ዋኘው፣ አለቀ? አይዞህ! መጽሐፍ እንደሁ አይናከስ!" አንዴ በመንገደኛ አንድ ማዳበሪያ ቆሎ ላኩ፤ "ለክፍል ጓደኞችህ አካፍል" ብለው። ብቻዬን ሁለት ወር በላሁት።

ከክፍሉ ተማሪ አገውኛ ተናጋሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ከአገሩ ልጅ ጋር ተቧድኖ ያጠናል፤ እኔን የከለከለኝም የጠራኝም የለም። የመመረቂያ ጽሑፌን የተቀበሉኝ አማካሪዬ አምስት ወር ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላስረከብኩ ደግሞ እሰረዛለሁ። ይህን ለጋሽ እንግዳው መንገሬ ነው ጥፋቴ።

"ተቀይሞሃል ማለት ነው" አሉ። በኛ አገር የተቀየመ ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ላለ ሰው ሽማግሌ ይላካል። ሳምንት ሳይሞላ እሳቸው፣ ቄስ ደሴና የዳንግላው አቶ ደርበው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ ጋቢ ለብሰው አማካሪዬ ቢሮ ደጃፍ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔም ከጎናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ "እሳቸው እኮ ውጭ አገር ከሄዱ አራት ወር ሆናቸው" አለች። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ሌላ አማካሪ እንዳልጠይቅ የማመልከቻው ጊዜ አልፏል።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተነሡ። ጋሽ እንግዳው ግን ኮሪደሩን ሲያዩ ቆዩ።

"ዋኘው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ስንቀመጥ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሰላም አላለህም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ለምጄዋለሁ፣ ጋሼ።"

ያችን የእሑዷን "አይዞህ" ሳይሏት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። እስከዚያ የቆየሁት እኔ በራሴ ሳላምን እሳቸው ስላመኑብኝ ነበር፤ የእሳቸው አፍ ሲዘጋ የእኔም ነገር አበቃ።

በማግስቱ ልሸኛቸው አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። አራት ትኬት ቆርጠው ጠበቁኝ። አልተከራከርኩም፤ ገባሁ።

ዓባይ በረሃ ስንደርስ ዕንባዬ አልቆም አለኝ። ሰው እንዳያየኝ ጋሽ እንግዳው ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሴ እስከ ጉልበቴ አለበሱኝ። መንገደኛው በዚያ ሙቀት ዞሮ ሲያየን፣ "ወባ ይዞት ነው" ይላሉ፤ እስክንሻገር ድረስ ለጠየቀም ላልጠየቀም ሁሉ "ወባ ነው" እያሉ።