ሜዳሊያ በቀኝ በኩል

እንግሊዝ አገር ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤትና የሞቱ ወታደሮች መርማሪ የሌለው ከተማ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዳንዴ ይዘጋሉ። ሦስተኛው ግን ተዘግቶ አያውቅም፤ አፉም ጭምር።

የእኛው የዌንብሪጅ መርማሪ ክቡር ጄኔራል ክሌመንት ራጅ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን እንጂ እሳቸውስ በሕይወታቸው ከጥርስ መንቀያ ሌላ መሣሪያ ጨብጠው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ የሕያዋንን አፍ ትተው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ ወታደሮችን ኮት መመርመር ያዙ።

ሻይ ሊጠጣ ቤታቸው የገባ ሰው አለቀለት። ብስኩቱን ሳይነክስ አጉሊ መነጽር እጁ ላይ ያስቀምጡለታል። «ፊቱን ተወው፤ ፊት ይዋሻል። ልብስ ግን አይዋሽም» ይላሉ። ይህችን አባባል በሠርግም በቀብርም ሰምቻታለሁ። የልጄ ሠርግ ላይማ ሁላችን ለሙሽሮቹ ስናጨበጭብ እሳቸው የአማቾቻችንን ቅድመ አያት ከነፍሬሙ ከግድግዳ አውርደው፣ የኮቱን ቁልፎች ሊቆጥሩ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደዋል። ከመቃብር ድንጋይ ላይ ሻጋታ ሲፍቁ የሚያመጡት ሳል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይለቃቸውም። እኔ ይህን ሳል ከሩቅ ከሰማሁ መጋረጃ ጀርባ ነው የምቆመው።

ባለፈው ፀደይ ወይዘሮ ኢኒድ ፐርስሎ አንድ ፎቶ አመጡላቸው። በስስ ብረት ላይ የተነሳች፣ መዳፍ የምታክል ፎቶ ናት፤ ሁለት ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ጢማም ወታደር አለባት። የወይዘሮ ኢኒድ ቅድመ አያት ኤቤል ከክራይሚያ ጦርነት ከድቶ ጠፋ ስለሚባል ስሙ በቤተሰቡ ውስጥ አይነሳም። እናታቸው ይህችን ፎቶ የሰቀሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

«ይሄ ሰው ኤቤል ከሆነና ካልከዳ» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ፣ «ከመሞቴ በፊት ፊቱን ወደ እኛ ላዙረው።»

ጄኔራሉ በጋውን መዝገብ ቤት ከረሙ። በወታደሩ ቆብ ላይ አስራ አንድ ቁጥር ስላለ፣ በዚያ ክፍለ ጦር የነበሩ ፐርስሎዎችን ሁሉ ፈልገው ሁለት ብቻ አገኙ። አንዱ ኤቤል ነው፤ ጦርነት መሄዱ ተጽፏል፣ የቀረውን ወረቀት እርጥበት በልቶታል። ሌላው የአጎቱ ልጅ ጄቤዝ ነው፤ አባቱ ጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር ሲሆን፣ እሱ ራሱ ግን ከአገር ቤቱ የጦር ሰፈር ንቅንቅ አላለም።

አንድ የኅዳር ሐሙስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ ጄኔራሉ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሜዳሊያዎቹ በቀኝ ደረቱ ላይ ናቸው። በቀኝ የምናደርገው የሟች ዘመድ ሜዳሊያ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው የአባቱን ያደረገው ጄቤዝ ነው። ኤቤል አይደለም።»

ወይዘሮ ኢኒድ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እርግጠኛ ነህ ክሌመንት?»

«ልብስ አይዋሽም፣ ወይዘሮ ኢኒድ።»

«ጥርሴን የነቀልክ ለታም እርግጠኛ ነበርክ። የወጣው ግን ደህነኛው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ኢኒድ ግን ሳይስቁ ፎቷቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ። ጄኔራሉም ያን ቀን ብስኩት አልነኩም።

በሳምንቱ መጨረሻ የሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ እሑድ ነበር። ገና በጧቱ የቤቴ ደወል አበደ። ብቅ ብል ጄኔራሉ ዝናብ ላይ ቆመዋል፤ ከላይ ጥቁር ኮትና የአባታቸው ሜዳሊያ፣ ከታች የመኝታ ሱሪ። ፊታቸው ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነው።

«ጎረቤት፣ ተሳስቻለሁ» አሉኝ። «የአባቴን ሜዳሊያ በቀኜ ሰክቼ መስታወት ፊት ብቆም፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በግራው አድርጎታል። የብረት ፎቶም እኮ እንደ መስታወት ነው፤ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ያደርጋል። የሸወደኝ ያ ቁጥር ነው። አስራ አንድ ሁለት ቋሚ መስመር ነው፤ ቢገለበጥስ ማን ያውቅበታል?»

«ታዲያ ማነው ሰውዬው?»

«በግራ ከሆነ ሜዳሊያው የራሱ ነዋ። ጄቤዝ ደግሞ ጦርነት አልሄደም። የከዳ ሰው ሜዳሊያውን ይነጠቃል እንጂ አድርጎት ፎቶ አይነሳም። ኤቤል ነው፤ አልከዳም።»

«እሺ፣ ሱሪዎን ይቀይሩና አብረን ሄደን እንንገራቸው።»

«ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ስሙ ጠፍቶ የኖረ ሰው የእኔን ሱሪ ይጠብቅ?» ብለው ቀደሙኝ።

ወይዘሮ ኢኒድ በራቸው ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ የመኝታ ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እውነትክን ነው፣ ልብስ አይዋሽም» አሉ። ፎቶዋን ከኮሪደሩ መስታወት ፊት ይዘው፣ ሜዳሊያው በግራ ደረቱ ላይ ያለውን ቅድመ አያታቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ግባና ምስማር ምታልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ኮቱ ቁልፎች ግን እንዳታወራኝ።»

ምስማሩ ተመታ። ስለ ቁልፎቹም ተወራ።

ብዙ ሁሉን አዋቂ አይቻለሁ። መሳሳቱን ሊያበስር በመኝታ ሱሪ ዝናብ ላይ የሮጠ ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እና ባለፈው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ጢማም ወታደር ከነፍሬሙ ገዛሁ። ዘመዴ አይደለም፤ ማን እንደሆነም አላውቅም። ከመንገድ እንዲታይ አድርጌ መስኮቱ ላይ አቁሜዋለሁ፤ መጋረጃውንም ገልጬዋለሁ። አሁን ያ ሳል ከወደ መንገዱ ጥግ እየተሰማ ስለሆነ፣ ልሂድና ሻይ ልጣድ።