ሁለት የአሰብ ሳጥኖችና የየሺ ጆሮ

ዘመኑ 2017 ዓመተ ምሕረት፣ እኔ ካሳም ሰባ ሁለት ሞልቶኛል። በዚህ ዕድሜ ሰው ይከበራል ይባላል። እስቲ ትናንትና ዛሬ እዚሁ መርሳ ከተማ የሆንኩትን ጉድ ስሙና ፍረዱ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስህተት ካገኛችሁ እለፉት። የምጽፈውም በአንድ ጣት ነው።

ነገሩ የስፒከር ነገር ነው።

ጎልማሳ ሳለሁ አሰብ ወደብ ዕቃ እሸከም ነበር። ሌላው ሲመለስ ጨርቅና ሳህን ሲያመጣ እኔ ሁለት የእንጨት ስፒከር ከነቴፑ ይዤ መጣሁ። እኛ ቤት "ሳጥኖቹ" ነው የሚባሉት። ሠርጋችን ላይ የባለቤቴ የየሺ ወንድም ጌታሁን ማሲንቆውን ይዞ አምባሰል ሲያወርድ በዚያው ቴፕ ቀዳነው።

ጌታሁን አሁን የለም። ካሴቱ አለ። ሳጥኖቹ ግን ቆጥ ላይ ተወርውረው አይጥ ወለደችባቸው።

አንድ ቀን የሺ ሽንኩርት እየላጠች "የወንድሜን ድምጽ ሳልሰማ ልሞት ነው" አለች። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያለችው። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ገባ።

ወደ ጠጋኝ ውሰዳቸው አሉኝ። እምቢ። የገዛ ሳጥኔን ሌላ ሰው ይፈታዋል?

ፈታኋቸው። ውስጡ ምን የሌለ አለ? ገለባ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ጠፋ ብዬ የተጣላሁበት ማበጠሪያ። የሚዘፍነው ወረቀት ደህና ነው፤ ዳር ዳሩን የያዘው ስፖንጅ ግን ስነካው ዱቄት ሆነ። በምን ልተካው? የመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ ሞከርኩ፤ ከበደው። የጃንጥላ ጨርቅ በኮላ ለጠፍኩበት፤ ተስማማው።

ጃንጥላው የማን ነው እንዳትሉኝ።

ሽቦ ልገዛ ወልድያ ወጣሁ። ሻጩ "አባባ፣ ቀይና ጥቁሩን ይውሰዱ፤ እንዳይምታታብዎት" አለኝ። "ለሠርግ ነው እንዴ ቀለም የምመርጠው? ነጩን ስጠኝ" አልኩት። ሁለቱም መስመር ነጭ የሆነውን ይዤ መጣሁ።

አንዱን ሳጥን ለብቻው ሞከርኩ፤ ዘፈነ። ሌላውን ለብቻው ሞከርኩ፤ ዘፈነ። ሁለቱን አንድ ላይ መሞከር ምን ያደርጋል? ሁለት ደህና በሬ ያለው ጥማድ አለው።

እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ጠራሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነው እንድሪስ መጣ፣ የአጥር ጎረቤታችን ፋጡማ መጣች፣ ሌላም ሰው ገባ። አንዱን ሳጥን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አቆምኩ። የሺን የክብር ወንበር ሰጠኋት፤ ልክ ከሁለቱ መሀል ለመሀል። እንግዳው ዳር ዳሩን ያዘ።

ቴፑን ተጫንኩት።

እንድሪስ የቀኙ ሳጥን ሥር ነው የተቀመጠው። ወዲያው ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። "ወላሂ እሱ ራሱ ነው፤ ጌታሁን መጣ" አለ። ፋጡማ በግራ በኩል ዓይኗን ትጠርጋለች።

የሺን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"ምነው?"

"ይሄ ጌታሁን አይደለም" አለች። "ትንኝ ነው።"

"ሰው ሁሉ እየሰማው?"

"እኔ የምሰማው ትንኝ ነው። የወንድሜ ድምጽ እኮ ከሆዱ ነበር የሚወጣው።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የስንቱን ባልና ሚስት ጠብ ያበረድኩ ሽማግሌ ነኝ እኮ።

"ጆሮሽ ነው" አልኳት። "ደንቁረሻል። ሰው ፊት ላልናገርሽ ብዬ እንጂ ከጀመረሽ ቆይቷል።"

ሰው ፊት ላልናገርሽ! ቤቱ ሙሉ ሰው ነው እኮ።

ጌታሁን ብቻ ይዘፍናል።

የሺ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "አንዴ ቀብሬዋለሁ" አለች። "ምነው ካሳ፣ ደግመህ አስቀበርከኝ?"

ከፋጡማ ጋር ወጣች። ማደሪያዋም እዚያው ፋጡማ ቤት ሆነ።

እንድሪስ በር ላይ ዞሮ "አንተ ሰውዬ፣ አሰብ ሳለህ አናትህ ላይ የወደቀ ዕቃ አለ?" ብሎኝ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ትክክሉ እኔ ነኝ። ይህንኑ ላረጋግጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንኝ።

ተነስቼ ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ ጌታሁን። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ጌታሁን። መሀል ተመለስኩ፤ ትንኝ። ወንበሩ ይሆን ብዬ አወጣሁትና ቆሜ ሰማሁ። ያው ትንኝ። የአንዱን ሳጥን ሽቦ ብነቅለው መሀሉም ላይ ጌታሁን ሆነ። መልሼ ብሰካው ጠፋ። ሁለት ሲሆኑ የሚያንሱ ነገሮች አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እንደ ልጅ ሆንኩ።

ሽቦዎቹን ከቴፑ ነቀልኩና የባትሪ ድንጋይ አመጣሁ። የቀኙን ሳጥን፣ ከቴፑ ላይኛ ቀዳዳ የወጣውን ሽቦ በድንጋዩ አናት፣ የታቹን በቂጡ ነካ አደረግሁ። ወረቀቱ ወደ ፊት ገፋ። የግራውንም እንደዚያው አድርጌ ነካሁ። ወረቀቱ ወደ ኋላ ተሳበ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል። በሬዎቹ ደህና ናቸው፤ ግን አንዱ ወደ ውርጌሳ፣ አንዱ ወደ ሐራ ነው የሚጎትተው። መሀል ለተቀመጠ ሰው ምን ይተርፈዋል?

ነጭና ነጭ ሽቦ አምታቶኛል። የአንዱን ሳጥን ሁለት ጫፍ አቀያየርኩ። ሥራው ይኸው ብቻ ነበር።

ተቀመጥኩ። አሁን የምነግራችሁን እንዳትስቁ። ድምጹ ከቀኙም ሳጥን አልመጣም፣ ከግራውም አልመጣም። ከመሀል መጣ፤ ምንም ከሌለበት፣ ከግድግዳው ፊት። ጌታሁን እዚያ ቆሞ የሚዘፍን ነው የመሰለኝ። ማሲንቆው ሳይቀር ደረቱ ላይ አለ። ተነስቼ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ጭቃ ነው።

ባለቤቲቱ ሳትሰማው እኔ ሰማሁት።

ፋጡማ ስልክ ላይ ደወልኩና ከየሺ ጋር አገናኘችኝ። "ተስተካክሏል፤ ነይና ስሚ" አልኳት።

"በምኔ ልስማው?" አለችኝ። "ደንቆሮ ነኝ።"

ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል እንድሪስ ቤት ሄድኩና አስታርቀኝ አልኩት።

"አንተ ሌላውን ስታስታርቅ በዳዩን ምን አድርግ ትለዋለህ?"

"ድንጋይ ተሸከም እለዋለሁ።"

"እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?"

ደንቡን ታውቁታላችሁ። በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ተበዳይ "ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ" እስኪለው ደጅ ይቆማል። እኔ ድንጋይ ፍለጋ አልወጣሁም። አንዱን ሳጥን አንገቴ ላይ አወጣሁት። ከድንጋይ ይከብዳል።

ፋጡማ በአጥር ትጎራበተን እንጂ በሯ በዚያኛው መንገድ ነው፤ በአስፋልቱ ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። አንዱ ነጋዴ "አያ ካሳ፣ ቤት ሊለቁ ነው?" አለኝ።

ፋጡማ ደጅ ቆምኩ። እንድሪስ ቀድሞ ገባና "እት የሺ፣ በዳይሽ ከነሸክሙ መጥቷል" አላት። ወጣች። ትናንት የነበሩት ሁሉ ተሰብስበዋል፤ ወሬ መቼ ያድራል።

"ደንቆሮው እኔ ነኝ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሳቋን ስትውጠው አየሁ። አውርድ ግን አላለችም።

"አንዱን ብቻ ምን ላድርገው?" አለች። "የበደለኝ ሁለት አይደለም እንዴ? ሌላውንም ቴፑንም እዚሁ አምጣ። ፋጡማ ቤት ነው የምሰማው።"

እንድሪስ "ፍርድ ነው" አለ።

አንዱን አስቀምጬ ሌላውን ላመጣ ተመለስኩ። ሁለተኛውን አንገቴ ላይ አድርጌ ቴፑን አንጠልጥዬ ስወጣ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። "አባባ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎት" አለኝ ልጁ። ደግ ልጅ ነው። ግን እናንተዬ፣ ይቅርታ በባጃጅ ተጭኖ ይሄዳል እንዴ?

ሳጥኑን አስተካክዬ በእግሬ ቀጠልኩ።