ማርት እናታቸውን ጎባ ላይ እንዳገኙ

ጎባ መጥቶ ባሕር የጠየቀ ሰው ታውቃላችሁ? አያቴ ጠይቀዋል። ስንት ሳምንት በበቅሎ ተጉዘው፣ ብርዱ ጥርሳቸውን እያንገጫገጨው፣ ገና ከመውረዳቸው «ላ ሜር?» አሉ ይባላል። ባሕሩስ የት አለ ማለታቸው ነው። የነበሩት ወታደሮች የሚያሳዩት ቢያጡ ወደ ተራራው ጠቆሟቸው።

ይቅርታ፣ ከመሐል ጀመርኩ። አያቴ ማርት ይባላሉ። የተወለዱት በኦሮሞ አገር ነው፤ የት እንደሆነ ግን አያውቁም። በልጅነታቸው ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ለባሕር ነጋዴ ሸጧቸው። የነጋዴውን ጀልባ የፈረንሳይ መርከብ ያዘና ልጆቹን ሁሉ አውርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ለሚኖሩ መነኮሳይት ሰጠ።

የመነኮሳይቱ መንደር ምን ነበራት መሰላችሁ? ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ጥቂት ቤቶች፣ አንዲት ደወል፣ አሸዋ ላይ አልበቅል ያለ የጎመን መደብ። በቃ። ነዋሪዎቹ ከየጀልባው የወረዱ ልጆች ናቸው፤ ኦሮሞው፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ መነኮሳይቱ ያስተማሯቸው ፈረንሳይኛ የሁሉም ሆነ። በፈረንሳይኛ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በፈረንሳይኛ ይሰዳደባሉ፣ በፈረንሳይኛ ያለቅሳሉ። ሲያድጉም እዚያው ተጋብተው ልጅ ወለዱ። አያቴ «ሕልሜም ፈረንሳይኛ ሆነ» ይሉ ነበር። የተወለዱበት ቋንቋ ከአፋቸው ጠፋ።

ወንድ አያቴ አባባ ወልዴ ደግሞ የሸዋ ሰው ናቸው። ከጦሩ ጋር ባሌ ዘምተው ጎባ ከሰፈሩት አንዱ። አንድ ጊዜ ጠመንጃ ለማምጣት ወደ ባሕር ተላኩና ወባ ጣላቸው። ጓደኞቻቸው ይሞታል ብለው መንደሯ ውስጥ ትተዋቸው ተመለሱ። ማርት ውሃና መድኃኒት እያቀረቡ አዳኗቸው። ሲድኑ አገባሻለሁ አሏቸው። ያኔ አባባ ወልዴ የሚያውቁት ፈረንሳይኛ ሃያ ቃል ቢሞላ ነው። «ሃያ ቃል ለትዳር አያንስም?» ስንላቸው «በዛ እንጂ! ከዚያ በኋላ የጨመርነው ሁሉ ለጠብ ነው» ይሉን ነበር።

የመንደሯ ሰው በሙሉ እስከ መጨረሻው የውሃ ጉድጓድ ድረስ ሸኛቸው። አያቴ ከዚያ ወዲያ አንዳቸውንም አላዩም።

ጎባ ያኔ ከተማ ሳትሆን የጦር ሠፈር ነበረች። ጎጆዎች፣ አጥር፣ የጦር አለቃው ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያን። በዙሪያው ያለው መሬት የባሌ ኦሮሞ ነበር። «ነበር» ያልኩት አውቄ ነው። ከድሉ በኋላ መሬቱም ሰዉም ለወታደሩ ተደለደለ። ለአባባ ወልዴም አራት ቤተሰብ ገባር ተሰጣቸው። ገባር ማለት ለወታደሩ የሚያርስ፣ እህሉን የሚፈጭ፣ እንጨቱን የሚሸከም፣ አጥሩን የሚያጥር ነው። ያውም በገዛ አባቱ መሬት ላይ። ይህን ሳወራ የሚከፋቸው ዘመዶች አሉኝ። ይክፋቸው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?

ሠፈሩ ማርትን አልወደዳቸውም። ቄሱ በፈረንሳይኛ የተጠመቀ አይቆጠርም ብለው እንደገና አጠመቋቸው። የወታደሮቹ ሚስቶች ከኋላቸው «የተሸጠች» እያሉ ይንሾካሾካሉ። የሚያነጋግራቸው ሰው ስላልነበረ ለበቅሎዋ በፈረንሳይኛ ያወሩ ነበር። በቅሎዋ ቢያንስ ጆሮዋን ታቆማለች።

አንድ ቀን ከገባሮቹ አንዷ፣ አዴ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት፣ የጥድ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው ወደ ግቢው ገቡ። ማርት ሮጠው ሸክሙን ከጀርባቸው አወረዱላቸው። ይህን የሚያደርግ የወታደር ሚስት ታይቶ አይታወቅም። አሮጊቷ ቀና ብለው የማርትን ፊት አዩ። አዩ፣ አዩና ክንዳቸውን ይዘው ጮኹ።

«ኢንተላ ኮ! ጫልቱ ኮ!»

ልጄ፣ ጫልቱዬ ማለት ነው። ጫልቱ የምትባል ልጃቸውን ፈንጋዮች ወስደውባቸው ነበር። በክርኗ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበራት አሉ። የማርት ክርን ቢታይ ጠባሳ አለ! እርግጥ ነው በመነኮሳይቱ ወጥ ቤት ዘይት ፈስሶባቸው ነው። ግን እስቲ ክርናችሁን እዩ፤ ጠባሳ የሌለው ስንታችሁ ናችሁ?

ወሬው ሠፈሩን አዳረሰው። አባባ ወልዴ ተጨነቁ። አሮጊቷ የሚስታቸው እናት ከሆኑ አማታቸው ናቸው። አማትን እንዴት እንጨት ያሸክማሉ? ጎረቤታቸው የሆነ አንድ ወታደር ግን ነገሩ ገብቶት ለጦር አለቃው ከሰሰ። «ጌታዬ፣ ይቺ አሮጊት ከገባርነት ለማምለጥ የፈጠረችው ነው። ዛሬ ዝም ካልን ነገ የእኛም ገባሮች ዘመድ ነን ይላሉ» አለ።

የጦር አለቃው ዛፍ ሥር ችሎት ተቀመጡ። ፊታቸው አንድ ወንጌልና አንድ ጅራፍ ተቀመጠ። አሮጊቷ ዋሽታ ከሆነ ትገረፋለች አሉ። አዴ ፋጡማ ጅራፉን እያዩ ቆመዋል። ኦሮምኛውን አንድ አሽከር ወደ አማርኛ ይመልሳል። የማርትን ፈረንሳይኛ የሚመልሱት ደግሞ ባለ ሃያ ቃሉ አባባ ወልዴ ናቸው።

«መጽሐፉን ይዘሽ ማይ፣ ይቺ ሴት ምንሽ ናት?» ተባሉ ማርት።

ማርት ወንጌሉን ያዙና «ሴ ማ ሜር» አሉ።

አባባ ወልዴ ግራ ገባቸው። «ጌታዬ፣ ባሕሬ ናት ትላለች።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በፈረንሳይኛ እናትና ባሕር ሲጠሩ አንድ ናቸው! ሃያው ቃል ውስጥ ባሕር እንጂ እናት አልነበረችም። ማርት ግን አልሳቁም። ጅራፉን ተራምደው ሄደው አሮጊቷን አቀፉና፣ በአማርኛ በሰው ፊት ተናግረው የማያውቁት ሴት፣ «እናት! እናቴ!» ብለው ጮኹ። የጦር አለቃው ጅራፉን አስነሡና «አማት ገባር አትሆንም» ብለው ፈረዱ።

ነገሩ በዚህ አበቃ? የት ተደርጎ! በሳምንቱ ከሁለተኛው ገባር ቤት አንዲት ሴት እያለቀሱ መጡ። እሳቸውም እናት ነኝ አሉ። ሰው ሁለት እናት የለውም ሲባሉ ጊዜ አክስት ነኝ ብለው አስተካከሉ። ማርት ተቀበሏቸው። ሦስተኛው ቤት ወንድም ተገኘ። አራተኛው ቤት የአጎት ልጅ። ማርት ሁሉንም አቀፉ። ዓመት ሳይሞላ አባባ ወልዴ አንድም ገባር የላቸውም፤ ዘመድ ብቻ! የገብሱን ማሳ ራሳቸው ሞፈር ጨብጠው ማረስ ጀመሩ። ጓደኞቻቸው «ዘማች ሆኖ መጥቶ አማች ሆኖ ቀረ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አባባ ወልዴ መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ግን፣ ሌሎቹ ጠመንጃ ተንተርሰው ሲተኙ፣ እሳቸው በራቸውን ሳይዘጉ የሚያድሩ ብቸኛው ወታደር ሆኑ።

አዴ ፋጡማ ለማርት ኦሮምኛ አስተማሯቸው። አባቴን ጨምሮ አምስቱንም ልጆች ያዋለዱ እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች በየሃይማኖታቸው ጸልየው፣ የየራሳቸውን ሥጋ በልተው፣ ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ። አዴ ፋጡማ ሲሞቱ ማርት ፀጉራቸውን ተላጭተው ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሱ።

እኔ ሮቤ ከተማ በጽሕፈት ሥራ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ አያቴ በጣም አርጅተው፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እናትዎ መሆናቸውን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«እናቴማ ወደ ባሕር ስንነዳ መንገድ ላይ ሞተች» አሉኝ። «ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ወንጌል ይዘው አልማሉም?»

«ማልኩ።»

«አዴ ፋጡማስ ያውቁ ነበር?»

«እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልጠየቀችኝ።»

«ንስሐ አልገቡም እማማ?»

ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ።

«ንስሐ ለመግባት መጀመሪያ መጸጸት ያስፈልጋል ይላሉ ቄሱ» አሉኝ። «ይኸው እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ አልጸጸት አለኝ።»