ለሸቀጥ ማስገቢያ

ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳምንት ሳይሞላው ጠባዩ ይለወጣል። ትናንት አምፖል ለመቀየር ጎረቤት ይጠራ የነበረ ሰው ዛሬ ሰው ቤት ተጋብዞ ሻዩን ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ባለቤቱን ጥግ ይዞ ሴራሚኩ ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ዓይኑ የሚያርፈው ከኀዘንተኛው ይልቅ የመስኮቱ ፍሬም ላይ ነው። ከዚያ ዝርዝር ይጀምራል። ሳሎኑ የግድ እንዲህ፣ መታጠቢያው የግድ እንዲያ። ዕድሜ ልኩን ያለዚያ ነገር ሲኖር ምንም አልሆነም ነበር፤ ግን ይሁን።

የእኔ እንጀራ ይኸው ዝርዝር ነው። ሀርጌሳ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ቀን ቀን የሰው ቤት እሠራለሁ። ፎርማን ነኝ። ፕላንም እነድፋለሁ፤ ማህተም የሚመታበት ሌላ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን «አይደለሁም» እያልኩ አርም ነበር፤ ኋላ ማዕረጉ ስለተመቸኝ ዝም አልኩ። ይህችን «ዝም አልኩ» ያዙልኝ፣ ጉዱ የመጣው ከእሷ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ከአውሮፓ የተመለሰ ጎልማሳ ስልኩን ይዞ መጣ። አዲስ ቤትና ጋራዥ ሲታሰብ የግድ የሚያስፈልጉ ነገሮችን ከኢንተርኔት ለቃቅሞ ሃያ ሦስት አድርሷቸዋል። ጋራዡ ሁለት መኪና የሚይዝ፤ በሩ ከመኪና ሳይወረድ የሚከፈት፤ ወለሉ ዘይት የማይጠጣ፤ የዕቃ መደርደሪያ፤ ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ፣ መኪናው ገና ባይገዛም። ቤቱ ደግሞ ለወንድ እንግዳ አንድ፣ ለሴት እንግዳ አንድ ሳሎን፤ ኩሽና ሁለት፣ አንዱ ለማሳየት፣ አንዱ ለማብሰል። አንብቦ ሲጨርስ የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም ቤታቸው ውስጥ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። ሁላችንም ጤነኞች ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለኝና ያሟረትኩበት ያህል ወንበሩን ከእኔ ሸሸት አደረገ።

አልፈርድበትም። እኔም ድሮ ይህን ጥያቄ የማልጠይቅ ሰው ነበርኩ። መጠየቅ የጀመርኩት ሐጂ ዳውድን ሳላዳምጥ ከቀረሁ ወዲህ ነው።

ሐጂ ዳውድና ሚስቱ ሐዋ ድሬዳዋ ያደጉ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል፣ አንቱታ ግን አይወዱም። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ሐጂ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ፈለገ። ስለዚህ እዚህም አንተና አንቺ እያልኩ ስተርክ ብልግና አይምሰላችሁ፤ በእነሱ ትእዛዝ ነው።

ሐዋ በሕይወቷ የራሷ ቤት ኖሯት አያውቅም። ድሬ ያደገችው ወላጆቿ በተከራዩት ቤት ነው፤ ሀርጌሳ ተድራ መጥታ ገና ጎጆ ሳትወጣ ጦርነት መጣ፤ በሽሽቱ እግሯን ተመትታ በሰው ጀርባ ታዝላ ወጣች። ከዚያ ስደተኛ ጣቢያ፣ ከዚያ እንደገና ኪራይ፣ ከተመለሱም በኋላ ኪራይ። ከከተማው ዳር፣ አያሃ በኩል፣ ቤት የሚሠሩባትን ቦታ ያገኙት በስተርጅና ነው። ፕላን ልንነጋገር የተገናኘን ቀን ከሐዋ አፍ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚህ ቤት በእግሬ ነው የምገባው አለች። እኔ ደስታ ነው የመሰለኝ።

ሐጂ ግን ዝርዝር ነበረው፣ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የጋራዡና የቤቱ ወለል እኩል ይሁን፣ አንድም ደረጃ እንዳይኖር። ሁለተኛ፣ ከጋራዡ ቀጥታ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰፊ በር ይኑር። ለምን ስለው ለሸቀጥ ማስገቢያ ነው አለኝ። ሩዝ አለ፣ ዘይት አለ፣ ዱቄት አለ፣ ወገቤ አይችልም። ሩዝ መኝታ ቤት ምን ይሠራል ብዬ ሳቅኩበት። እሱም አብሮኝ ሳቀ፣ ግን ነገሩን አልለወጠም። «አቦ፣ ደረጃ አታድርግ ብቻ» አለኝ።

ከዚያ ሁለቱም ዘመድ ጥየቃ ብለው አዲስ አበባ ሄዱ። ሁለት ወር። ቤቱ በእኔ እጅ ቀረ።

አሁን የግንበኛን ጠባይ ልንገራችሁ። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ቤት ከመሬት ብድግ ካላለ ቤት አይመስለንም። ደረጃ የሌለው ቤት የእህል መጋዘን ነው። ጎርፍም አለ፤ አያሃን ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚጎበኘው፣ ሲመጣ ግን ሳያንኳኳ ይገባል። ሐጂ አያውቅም፣ ነጋዴ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን እያልኩ ለሙሌት የሚሆን ገረጋንቲ አፈር አስመጣሁ፣ ሙሌቱን አስረገጥኩ፣ ወለሉን ከፍ አደረግኩት። ጋራዡ ታች ቀረ፣ ቤቱ ላይ ወጣ፤ በመሃላቸው አምስት ደረጃ፤ የፊት በሩም እንዲሁ በደረጃ። በሩንም ከመኝታ ቤት አንስቼ ወደ ኩሽና አዞርኩት። ሸቀጥ ከሆነ ኩሽና ነው ቦታው አይደል? ሐጂ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ሁሉም ነገር ልክ እንዳልኩህ ነው ወይ ሲለኝ፣ «ካልከውም ይበልጣል» እለዋለሁ። ፎቶ ስልክለትም ከመስኮት በላይ ያለውን ብቻ እልክ ነበር። ላስደንቀው ፈልጌ ነው። እግዜር ይይልኝ፣ ክፋት አልነበረኝም።

የሚመለሱ ዕለት ጋራዡን አስጠረግኩ፣ ሠራተኞቹን ንጹሕ ሸሚዝ አስለበስኩ፣ እኔ ራሴ ከአምስተኛው ደረጃ ላይ እንደ ሚዜ ተገትሬ ጠበቅኩ። ታክሲው ከአየር ማረፊያ በቀጥታ መጥቶ በትልቁ የጋራዡ የላሜራ በር ገባ። መጀመሪያ ሐጂ ወረደ። ከዚያ ሐዋን ይዞ አወረዳት። ሁለት ወር አንድን ሰው እንዲህ ያሳንሰዋል? እግሯ ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ የጫማው ተረከዝ ተረግጧል፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ከእኔ ዘንድ ይሰማል። ቀና ብላ ደረጃውን አየች። ሐጂም አየ።

አንደኛውን ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። እዚያ ላይ ቆመች፣ ግድግዳውን ያዘች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከሠራተኞቹ አንዱ የዋህ ነው፣ ክፉ አላሰበም፣ ድንጋይ የምናመላልስባትን ባሬላ አምጥቶ አሁኑኑ ሁለት ሆነን እናውጣት አለ። ሐዋ አማርኛ እንደምትሰማ ረስቶታል። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«የምትሸከሙኝ ቀንማ ይመጣል» አለች። «ከዚህ ከተማ በሰው ጀርባ ወጥቻለሁ። ቤቴ የምገባው በእግሬ ነው።»

ፍራሽ ጋራዡ ውስጥ ተነጠፈ። ለዛሬ ብቻ ተባለ።

ሐጂ ከላሜራው በር ውጭ ይዞኝ ሄዶ ነገረኝ። ልቧ ነው። ዘመድ ጥየቃ የተባለው ሕክምና ነበር፤ ሐኪሞቹ ደረጃ ፈጽሞ እንዳትወጣ ብለዋታል። ለማንም እንዳይናገር ደግሞ አስምላዋለች፤ ሰው ካወቀ ቤቱ በአዛኝ ይሞላል፣ እኔ ሳልሞት ይለቀስልኛል ብላ። እኔም ይህን ስሰማ ራሴን ከጥፋቱ ላድን ፈለግኩ። ምነው በነገርከኝ ኖሮ አልኩት።

«ነገርኩህ እኮ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ደረጃ አታድርግ አልኩህ። ምክንያቱን ነው ያልነገርኩህ።»

በማግሥቱ ማለዳ ሥራ ጀመርን። ደረጃውን ትተን በቤቱ ጎን በኩል ዘጠኝ ሜትር ተዳፋት ዘረጋን፣ እኛ ሳይት ላይ ራምፕ የምንለውን፤ የመኝታ ቤቱንም ግድግዳ ሰብረን ሐጂ መጀመሪያ ያለውን ሰፊ በር አወጣን። ጫት ሰዓት ሲደርስ መሣሪያ የሚጥሉት ሠራተኞች እንኳ በእነዚያ ቀናት አልጣሉም። ሐዋ ፍራሿ ላይ ትራስ ተደግፋ በጋራዡ የኋላ በር ታየን ነበር። ታሾፍብናለች። እኔን አንተ ልጅ፣ ይህን ለእኔ ነው ለከባድ መኪና የምትሠራው ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ሲሚንቶውን አፈሰስን፣ ሊሾውን አለሰለስን፣ እርጥብ ጆንያ አለበስነው።

መቼ ነው የምወጣው አለችኝ። ሰባት ቀን አልኳት። ሲሚንቶ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል፤ በዚህ ንፋስ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው በፈሰሰ በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠየቀችኝ። እኔ ቀላል ነኝ፣ አልሰብረውም አለች። አይሆንም አልኳት። ሥራዬ ነዋ። አሁን ላጠፋሁት ሥራ ማካካሻው ሌላ ሥራ ነው ብዬ፣ እሱን ደግሞ እንከን የሌለው ላደርገው ፈለግኩ።

እናንተ ሥራውን የማታውቁ እንኳ ይህን ትገምታላችሁ፤ ሁለት ሳንቃ አንጥፈንበት ቢሆን በሦስተኛው ቀን በሐጂ ክንድ ተደግፋ ቀስ እያለች ትወጣ ነበር። ቢበዛ ሊሾው ጠባሳ ያወጣ ነበር። ጠባሳ! ሳንቃው ደግሞ እዚያው ጎኔ ተደርድሮ ነበር። አላሰብኩትም። ሌሊት ሌሊት ስነቃ የማስበው እሱን ሳንቃ ነው።

ውሃውን የሚያጠጣው ሐጂ ነበር። አያሃ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ የሚያይ ጎረቤት ያዝናል። እሱ ግን ጠዋት፣ ቀትርና አሥር ሰዓት ላይ ባልዲውን አንስቶ ከላይ እስከ ታች ያረጥባል። ማንም እንዲያግዘው አይፈልግም። ሐዋ ከፍራሿ ሆና እዚያ ጋ አልደረሰህም ትለዋለች፤ እዚያ ጋ ይመለሳል። አርባ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት የአንድ ቤት ሥራ የተካፈሉ ይመስሉ ነበር። እንዲያውም ያን ሰሞን ደስተኞች ነበሩ ብል አልዋሽም።

በአምስተኛው ቀን፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ውሃ ሊያጠጣ ወጥቶ ሲመለስ ቢጠራት አልመለሰችለትም።

ጋራዡ ውስጥ መጋረጃ ተጋርዶ ሴቶቹ አጠቧት። ከላይ አምስት ክፍል ባዶውን፣ አዲሱ ሴራሚክ እያብረቀረቀ ተቀምጧል። በገባችበት የላሜራ በር ወንዶቹ ተሸክመዋት ወጡ፤ ያ ባሬላ ያመጣው ልጅ ከኋላ እየተከተለ ያለቅስ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መቃብሩ ጋ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ «ኢና ሊላሂ» ሲል እኔ በልቤ የማውቀውን ጸሎት ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

ስንመለስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሐዋ የፈራችው አዛኝ ሁሉ መጥቷል። አሥር ሰዓት አካባቢ ሐጂን ፈልጌ አጣሁት። ዞሬ በቤቱ ጎን ስሄድ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ያረጥባል። ሐጂ፣ ተወው በቃ አልኩት።

«ሰባት አላልክም?» አለኝ። «ገና አምስት ነው።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል ብዬም አላፈርኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ባልዲ አነሳሁ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ እዚያ ጋ አልደረሳችሁም የሚል ሳይኖር፣ ሰባቱን ቀን ሞላንለት።

ያ ራምፕ ዛሬም አለ። በሥራ ዘመኔ እንደሱ ያማረ አልሠራሁም፤ አንዲት ስንጥቅ የለውም። ሐጂ ግን አይረግጠውም። ጉልበቱ እያመመው በአምስቱ ደረጃ ይወጣል፣ በአምስቱ ደረጃ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ደረጃውን ላፍርስልህ ብዬው ነበር። ሁለቱን ወጥታቸዋለች አለኝ።

ወደ አውሮፓው ጎልማሳ ልመልሳችሁ። ጤነኞች ነን ካለኝ በኋላ ጥያቄዬን አልደገምኩም፤ የሰው ቤት ሚስጥር በግድ አይከፈትም፣ ወይም እውነትም ጤነኞች ናቸው፣ አላህ ያቆይላቸው። ሃያ ሦስቱንም የግድ በፕላኑ ላይ አኖርኩለት፣ ምግብ የማይበሰልበትን ኩሽና ሳይቀር። ሃያ አራተኛውን ግን ከራሴ ጨመርኩ፤ ደረጃ የለም፣ ከጋራዡ ወደ መኝታ ቤቱ ሰፊ በርና ለስላሳ መውጫ። ጎልማሳው ፕላኑን ገልብጦ ገልብጦ አየና ጣቱን እሱ ላይ አሳረፈ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ እኔ አላዘዝኩም አለኝ።

ለሸቀጥ ማስገቢያ ነው አልኩት።