ጣቴና ቢላ

ምንም የማይፈራ ሰው አለ ይባላል። እኔ ግን ፍሪጅ እፈራለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ነቀምቴ ፊዚክስ ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በብርዳም አገር እርጥብ ቆዳ ለምን ብረት ላይ እንደሚጣበቅ የሚያስረዳ ገጽ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ብረት የቆዳን ሙቀት ቶሎ ይነጥቃል፤ መሃል ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ሁለቱን ያያይዛል። እኔ ግን እኛን አይመለከትም ብዬ ዘለልኩት። ነቀምቴ ዝናብ እንጂ ምን ውርጭ አላት?

አንድ ቅዳሜ ዝናብ እንደመታኝ ጨለለቂ ሰፈር፣ አዴ ጫልቱ ሱቅ ገባሁ። ደንበኛ የሚፈልገውን ራሱ እንዲያነሳ የሚፈቅዱ ደግ ሴት ናቸው። በረዶ የሆነ ዓሣ ላነሳ ትልቁን ፍሪጅ ከፍቼ እጄን ስሰድ፣ አራቱ እርጥብ ጣቶቼ ውስጠኛው ብረት ላይ አረፉ። አረፉና እዚያው ቀሩ።

ሳብ ሳደርግ ቆዳዬ አብሮ ሊመጣ ሆነ። ቾክ የምይዝበት ቀኝ እጄ ነው። ፈራሁ፤ የምሬን ነው የምላችሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስራገም የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ጌታዬ መብራቱን አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩ። አልጠፋም። ለካ ጸሎትም ወረፋ አለው።

አዴ ጫልቱ አዩኝና ደጅ ለቆመች ጎረቤታቸው በኦሮምኛ ተጣሩ፤ «ቢላ ዋሚ፣ ደፊ።»

የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ደፊ ቶሎ በይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢላን ደግሞ ማን ያጣዋል? እናቴ ትዝ አለችኝ። አዴ፣ እባክዎ ቢላው ይቅር፣ እዚሁ ልኑር አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ቢላ ደረሰ። ረጅም ሰውዬ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ይዟል። ለካስ እዚያው አጠገብ ሻይ የሚሸጠውን ሰው፣ ከቢላ ከተማ ስለመጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢላ ነው የሚለው። ቢላ ዋሚ ማለትም ቢላን ጥሪው ማለት ኖሯል።

«ባርሲሳ፣ እንዳትስብ» አለኝ። መምህር ማለቱ ነው። ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ለቀቁ። እንባዬ መጣ።

ሰኞ ያንን ገጽ አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ እጅ አውጥታ፣ ታዲያ የተጣበቀ ጣት በምን ይላቀቃል አለችኝ።

«እኔን ያላቀቀኝ ቢላ ነው» አልኳት፣ ሳላስበው።

የፊት ወንበር ተማሪዎች በሙሉ እጃቸውን ዴስክ ስር ደበቁ።